የመዳፍ ያህል ብረት

ከበባው ሦስተኛ ዓመቱን በያዘበት በጥቅምት ወር አጋማሽ፣ በእንፋሎት የሚሄደው መርከብ በሸራ ከሚሄደው ጋር ገና ባሕሩን በሚሻማበት በዚያ ዘመን፣ ሰባት የጠላት መርከቦች የወደቡን አፍ ዘግተው ቆመው ነበር፤ ጠዋት ጭሳቸው ከአድማሱ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ አምጥቶ ከተማው ላይ ይደፋዋል፤ ሕዝቡም ከዳቦ ይልቅ የጠላቱን ጭስ ጠግቦ ይውላል። መጋዘኖቹ ባዷቸውን ቀርተዋል፤ ዳር ዳሩን የቆሙት የዕቃ ማንሻዎች ዝገዋል፤ የጉምሩኩ ሹም ግን ደንብ ደንብ ነው ብሎ በየማለዳው ቢሮውን ይከፍትና ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እስኪመሽ ድረስ ዝንብ እሽ ሲል ይውላል።

በዚያ ወደብ የመዶሻ ድምፅ የሚሰማባት አንዲት ቤት ብቻ ቀርታ ነበር፤ እሷም የድንጋይ ከሰል ብናኝ ግድግዳዋን ያጠቆረው የቦይለር መሥሪያ ናት። ባለቤቷ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ ሽማግሌ ሲሆኑ ከተማው ሁሉ የሚጠራቸው «አንኳኩ» በሚል ቅጽል ስም ነበር፤ አርባ ዓመት ሙሉ የመርከብ ቦይለሮችን በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ፣ በእሳት ግሎ ከተመታው ችንካር መካከል የትኛው እንደ ላላ በጆሯቸው ብቻ ይለዩ ስለ ነበር ነው። ደህናው ችንካር ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ድፍን ይላል። የመርከብ አዛዦች ከሐኪማቸው ይልቅ እሳቸውን ያምኑ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማንም ያላወቀው ነገር ቢኖር ያ ጆሮ ከሞተ አራት ዓመት ማለፉን ነው። የቀጠቀጡት ብረት ብድሩን መለሰና ቀስ በቀስ በላው፤ ሽማግሌው አሁን የሰውን ከንፈር እያዩ ነበር ነገር የሚገባቸው። ምሥጢሩን የምታውቀው አንዲት ልጃቸው ብቻ ነበረች። ሲያንኳኩ ፋኖስ ይዛ ፊት ለፊታቸው ትቆማለች፤ ድምፁ ደህና ከሆነ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች፤ ካልሆነ አፍንጫዋን ትነካለች፤ ያን ጊዜ «ይህኛው ይነቀል!» ብለው ይፈርዳሉ፤ ቆሞ የሚያየውም ሰው «አቤት ጆሮ!» ብሎ ይደነቃል። አባትና ልጅ ወደ ቤት ሲገቡ በዚህ ነገር ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

በዚያ ጥቅምት የሚያንኳኩት ግን ቦይለር አልነበረም፤ ወይም ቦይለርነቱን የተወ ቦይለር ነበር። ከአንድ ያረጀ ጎታች መርከብ ሆድ ወጥቶ በሁለቱም ጫፍ እንደ ዓሣ እንዲሾል ተደርጎ ተገጥሟል፤ ውስጡ አምስት ሰዎች አጎንብሰው በእጃቸው የሚያዞሩት ዘንግ አለው፤ ስድስተኛው ከፊት ተቀምጦ ይመራል። ከውኃ በታች ሄዶ የጠላትን መርከብ ከሆዱ ሊወጋ የታሰበ ሰርጓጅ ጀልባ ነበር። ሕዝቡ «ጋኑ» ይለዋል፤ ውኃ እንዳይገባበት የሚሠራ ጋን አይተን አናውቅም እያለም ይቀልዳል።

ሐሳቡን ያመጣው የልጃቸው ባል ነበር። መርከብ እየመራ ወደብ የሚያስገባ ሰው ነበርና ከበባው ሥራ ካስፈታው ወዲህ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልሆንልህ ብሎት፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የአማቱን ገበታ ገፋ አድርጎ በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ሣለው። የወደቡ መከላከያ ጦር አዛዥ የነበረው ሻለቃም ወሬውን ሰምቶ መጣና ሥራውን በጦሩ ስም ተቀበለ፤ መሪነቱንም ለባለ ሐሳቡ ሰጠ። ሚስት ለመነች፤ ባል እምቢ አለ። በማግስቱ ወደ አባቷ መጥታ ከንፈሯን እንዲያዩ ፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ እንዳይሄድ ለምኜው አሻፈረኝ ብሏል። እንግዲህ የሚመለስበትን በር እርስዎ ይሥሩልኝ።»

ሽማግሌው ብዙ ማውራት አይወዱምና «እሠራለሁ» ብቻ አሉ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን ጦርነቱ፣ ከበባው፣ ሰባቱ መርከቦች፣ ሁሉም ከሐሳባቸው ወጥቶ አንድ በር ብቻ ቀረ።

ብረት የቀደደ ሰው የወሰደበትን ሊመልስለት ይገባል የሚል የማይናወጥ እምነት ነበራቸው። ለጋኑ ክዳን ቀዳዳ ሲወጣ የተቆረጠውን ክብ ቁራጭ ሚዛን ላይ አስቀመጡት፤ ዙሪያውን የሚያጠናክረው ቀለበት ከዚያ ክብደት አንሶ ሲገኝ ሦስት ጊዜ ወደ እሳት መለሱት። ሌላም ሥርዓት ነበራቸው፤ መጀመሪያ መደረብ፣ ከዚያ መቅደድ። በወጣትነታቸው ሳይደርቡ የቀደዱት ላሜራ ከቀዳዳው ጀምሮ ሲሰነጠቅ አይተው ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ለአንዲት የጣት ቀዳዳ እንኳ ወፍራም ብረት ሳይደርቡ መሰርሰሪያ አንስተው አያውቁም።

የክዳኑ ነገር ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳቸው። በቦይለር ውስጥ የሚገፋው እንፋሎት ነው፤ ስለዚህ ክዳኑ ከውስጥ ይቀመጣል፤ እንፋሎቱ ራሱ እየገፋ ያጠብቀዋል። እዚህ ግን የሚገፋው ባሕሩ ነው፤ የሚገፋውም ከውጭ ነው። በሦስተኛው ቀን ሥዕሉን ገለበጡትና ክዳኑን ከውጭ አስቀመጡት፤ በሞራ የተነከረ ቆዳም ከሥሩ አነጠፉ። በአራተኛው ቀን ቁርስ ሳይቀምሱ ተነሥተው ሥዕሉን እንደ ገና ሲያዩት ላብ አጠመቃቸው። ባሕሩ የዘጋውን በር ከውስጥ ማን ይከፍተዋል? አሥራ አምስት ክንድ ጥልቀት ላይ ክዳኑ ላይ ሃያ ሰው የቆመበት ያህል ይከብዳል።

መፍትሔውን ከሰዓት በኋላ አገኙት። ከክዳኑ አጠገብ አንዲት ከአውራ ጣት የቀጠነች ቀዳዳ፣ መክፈቻ ያላት ቧንቧ የተገጠመባት ትሁን፤ ጋኑ ሰጥሞ አልነሣ ያለ እንደ ሆነ ሰዎቹ ቧንቧዋን ከፍተው ውኃውን በፈቃዳቸው ያስገቡት፤ የውስጡና የውጭው ግፊት ሲተካከል ክዳኑ በአንድ ክንድ ይከፈታል፤ ሰዎቹም ይዋኛሉ። ወዲያው እንደ ሥርዓታቸው ለቀዳዳዋ የሚሆነውን ድርብ ብረት፣ የመዳፍ ያህል ስፋትና አንድ ጣት ውፍረት ያለውን፣ ግማሽ ጣት በሚወፍረው ላሜራ ላይ ከውስጥ በኩል በስምንት ችንካር መቱት፤ መካከሉንም በመውጊያ ወግተው ነጥብ አደረጉበት። ልጃቸው ስምንት ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች።

የቀረው መሰርሰር ብቻ ሲሆን ሻለቃው ለጉብኝት መጣ። ቀጠን ያለ፣ ጨዋ፣ ልብሱ የነተበ መኮንን ነበር፤ በክፋት የሚታማ ሰው አልነበረም።

«ይህች ነጥብ ምንድን ናት?» አለ።

ሽማግሌው አስረዱት። ሻለቃው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠና ኮፍያውን አወለቀ።

«ጌታዬ፣ እርስዎን ማክበሬን ያውቃሉ። ግን ይህን ነገር ጥርት አድርገው ይንገሩኝ፤ ውኃ እንዳይገባ ሁለት ወር ደከምን። አሁን ደግሞ ውኃ ማስገቢያ እንሥራለት እያሉኝ ነው?»

«አዎ።»

«ስድስት ሰው በጨለማ ውስጥ ታፍኖ ተቀምጧል እንበል። አንዱ ልቡ ከዳው። እጁ ቧንቧው ላይ ነው። ያኔስ?»

«የማይፈራ ሰው ያስቀምጡበት እንጂ!»

«የማይፈራ ሰው ቢኖረኝ ኖሮ ከበባው ሦስት ዓመት አይፈጅም ነበር» አለ ሻለቃው፤ በዚህ ከበስተኋላው የቆሙት ሁሉ ሳቁ፤ እሱ ራሱ ግን አልሳቀም። ከዚያ ወደ አማቻቸው ዞሮ «አንተ ነህ የምትገባበት፤ አንተ ፍረድ» አለው።

አማቻቸው አማቱን አየ፤ ነጥቧን አየና «አባባ፣ ይቅርብን» አለ። «ልጆቹ ያችን ቧንቧ ባዩ ቁጥር መስጠም ነው የሚታያቸው። መውጣቱን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀመጡ። ቀዳዳዋ ሳትቀደድ ቀረች። ድርቡ ግን ባለበት ሆነ፤ ስምንት ችንካር መልሶ መንቀል ላሜራውን ይጎዳዋል፤ ደግሞም ብረት ቢበዛ ማንን ይጎዳል ብለው ተዉት።

ሆኖም ለልጃቸው የገቡት ቃል አልለቀቃቸውም። ጋኑ ወደ ባሕር ሊገፋ ሁለት ቀን ሲቀረው አማቻቸውን ለብቻው ጠርተው ይዘውት ገቡ፤ ከአግዳሚው ሥር በጠፍር የታሰረ የእጅ መሰርሰሪያ አሳዩት፤ እጁንም ይዘው ነጥቧ ላይ አሳረፉት።

«የባሰ ነገር ቢመጣ ታዲያ እዚህ ጋ ሰርስር። እዚህ ጋ ብቻ። ሌላ ቦታ እንዳትነካብኝ።»

«ለምን እዚህ ጋ ብቻ?»

«ተደርቦበታላ! ባዶውን ላሜራ ብትበሳው ይሰነጠቅብሃል።»

«እሺ አባባ፣ እርስዎ ያሉኝን ነው የማደርገው» አለና ግንባራቸውን ስሞ ወጣ። የሽማግሌው ልብ ከብዙ ጊዜ በኋላ ያን ቀን አረፈ።

ኅዳር በገባ በስድስተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ጥርት ባለ ሰማይ፣ ጋኑ ከጠላት ዓይን በተሸሸገው የወደቡ ውስጠኛ ክፍል ለሙከራ ወጣ። አምስቱ ዘዋሪዎች እየተሳሳቁ ገቡ፤ አንዱማ «ሚስቴ ከጠየቀችኝ ጋን ውስጥ ነው በሏት፤ ትለምደዋለች» ብሎ ሰዉን አሳቀው። አማቻቸው መጨረሻ ገባ፤ ከመግባቱ በፊት ሚስቱን አይቶ እጁን ሳይሆን አገጩን ብቻ ከፍ አደረገላት። ክዳኑ ተዘጋ። ጋኑ ሁለት ጊዜ ሰጥሞ ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ ዳር የቆመው ሕዝብ አጨበጨበ። በሦስተኛው ሰጠመና ቀረ።

በኋላ እንደ ታወቀው አፍንጫው በባሕሩ ወለል ጭቃ ውስጥ ተሰክቶ፣ ለመስጠም በተዘጋ ታንኩ የያዘውን ውኃ የሚተፋው ፓምፕ በዚያው ጭቃ ታፍኖ ነበር። ሁለት ዋናተኞች ገመድ ይዘው ጠለቁ፤ ቀፎው ልሙጥ ነበርና ገመዱ ተንሸራተተ። ክዳኑን ከላይ ሊፈነቅሉት ሞከሩ፤ ሃያ ሰው የቆመበትን ክዳን ማን ያነሣዋል? ሻለቃው ማንሻ ጀልባ ከወዲያ ማዶ እንዲመጣ ላከ፤ የመጣው መልስ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል የሚል ነበር። በውስጡ ያለው አየር ስንት ሰዓት እንደሚበቃ ሽማግሌው አስቀድመው አስልተው ነበርና ያንን መልስ ከመልእክተኛው ከንፈር ሲያነቡ ቁጭ አሉ።

አባትና ልጅ በትንሽ ጀልባ ከቦታው በላይ ቆመው ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ካለፈ በኋላ ልጅቱ መቅዘፊያውን ወደ ውኃው ዘቅዝቃ ጫፉን ከጆሮዋ ጋር አጣበቀች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ብረት ስታዳምጥ ያደገች ናትና። ሽማግሌው ፊቷ ላይ አፈጠጡ።

«አሉ» አለች። «አባባ፣ አሉ! ይሰማኛል!»

«ያንኳኳሉ?»

«ማንኳኳት አይደለም። እንደ መፋቅ ነው። ይፋቃል፣ ይቆማል፤ ይፋቃል፣ ይቆማል።»

ያን ጊዜ ነገሩ ለሽማግሌው ገባቸው። እየሰረሰሩ ነበር። አማቻቸው የተነገረውን አልረሳም፤ ሌላ ቦታም አልነካም፤ በድርቡ መካከል፣ በነጥቧ ላይ ነበር። ግማሽ ጣት ላሜራ በእጅ መሰርሰሪያ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል፤ ድርቡ ሲጨመርበት ግን ጣት ተኩል ነው፤ ቀዳዳው በጠለቀ ቁጥር መሰርሰሪያው ስለሚያዘግም ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። የቀራቸው አየር ለዚያ አይበቃም። ላሜራው ቢሰነጠቅስ ምን ነበረበት? ከዚያ በኋላ ጋኑ ለማን ይጠቅማል? እሳቸው ለአማቻቸው ሲመክሩ ያሰቡት ለሰው ሳይሆን ለብረቱ ነበር፤ የአርባ ዓመት ልማዳቸው በአፋቸው ተናግሮ ነበር።

በሆዳቸው ጀልባው ጠርዝ ላይ ተደፍተው ፊታቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው ጮኹ። «ወደ ጎን! አንድ መዳፍ ወደ ጎን! ባዶውን ላሜራ!» ብቅ ብለው ተነፈሱና እንደ ገና ነከሩ፤ እንደ ገና ጮኹ። መዶሻቸውን አንሥተው የጀልባውን ጎን ደበደቡ፤ መዶሻ ግን ግራና ቀኝን አይናገርም። ዳር የቆመው ሕዝብ ሽማግሌው አበዱ ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ልጃቸው መቅዘፊያውን አልለቀቀችም፤ ሽማግሌው ቀና ብለው ባዩዋት ቁጥር ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች፤ አሁንም ይሰማኛል ማለቷ ነው። እየቆየ መጨፈኗ እየራቀ ሄደ። በመጨረሻ ብዙ ጠብቀው ሲያዩዋት እጇ አፍንጫዋ ላይ ነበር።

ማንሻ ጀልባው ቢደርስም ጭቃው አልለቅ ብሎት ጋኑ በዘጠነኛው ቀን ተጎትቶ ወጣ። ክዳኑ አየር ላይ በአንድ ክንድ ተከፈተ። ከሥሩ ያለው ቆዳ ደረቅ ነበር፤ በክዳኑም በቀለበቱም በኩል ጠብታ ውኃ አልገባም፤ ስድስቱ ሰዎች ልብሳቸው እንኳ ሳይርስ በየቦታቸው ተገኙ። መሰርሰሪያው ነጥቧ ላይ እንደ ተተከለ ነበር፤ አማቻቸው ግንባሩን መያዣው ላይ አስደግፎ፣ ክብደቱን ጥሎበት ነው የሞተው። ሽማግሌው መሰርሰሪያውን ነቅለው ትንሿን ጣታቸውን ከተቱ። ያልተበሳው የጥፍር ውፍረት ያህል ነበር።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጡም። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ወደ መሥሪያው ገብተው ግማሽ ጣት ላሜራ ላይ አንድ ጣት ብረት ደረቡ፤ በስምንት ችንካር መቱት፤ የግድግዳ ሰዓቱን ፊታቸው አደረጉና ያንኑ መሰርሰሪያ ይዘው መሰርሰር ጀመሩ። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀባቸው። ከዚያ አንድ መዳፍ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ባዶውን ሰረሰሩት፤ አሥራ አራት ደቂቃ። ላሜራው አልተሰነጠቀም።

ልጃቸው ከጀመሩ ጀምሮ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አባባ፣ ያን ቀን የሰማሁት ይሄንን ድምፅ ነው» አለች።

ጀርባቸውን ሰጥተዋት ነበርና ከንፈሯን አላዩም። እሷም ዞራ ፊታቸው ቆማ አልደገመችውም፤ ሁለቱን ቀዳዳዎች አየቻቸው፤ በጀልባው ላይ የጮኹትንም አስታወሰች፤ ሁሉም ነገር ገባት። መጥረጊያ አንሥታ የብረቱን ፍቅፋቂ ከእግራቸው ሥር ጠረገች። ሽማግሌው ከዚያ ቀን በኋላ መሣሪያ አላነሡም፤ የበጋውን መውጣትም ሳያዩ ሞቱ።

ከበባው በሚቀጥለው ዓመት በሩቅ ከተማ በተፈረመ ውል ተነሣ፤ ሰባቱ መርከቦችም አንድ ጥይት ሳይተኮስባቸው መልሕቃቸውን ነቅለው ሄዱ። የመርማሪዎቹ ጉባኤ ስለ ጋኑ የጻፈው አራት ገጽ ተርፏል። የስድስቱ ሰዎች ሞት በሁለት መስመር አልቋል፤ የክዳኑና የቀለበቱ አሠራር ግን በሁለት ገጽ ተዘርዝሮ «እንከን የማይወጣለት» ተብሎ ተመስግኗል፤ ከክዳኑ አጠገብ ስላለችው ጉድጓድ የተባለው «የብረቱ የቆየ ጉድለት» የሚል ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ መሐንዲሶች መጥተው ቀለበቱን ለኩ፤ ክዳኑን ለኩ፤ የችንካሮቹን መራራቅ ለኩ፤ ልኩንም ለተማሪዎቻቸው አስተማሩ። ያን ጊዜ ጠጉሯ የሸበተ አንዲት ሴት ከጎናቸው ቆማ ታይ ነበር፤ አንዱም ዞር ብሎ ማን ነሽ አላላትም። እነሱ መጻሕፍታቸውን አጥፈው ከሄዱ በኋላ ጎንበስ ብላ ወደ ጋኑ ገባች፤ ከጉድጓዷ አንሥቶ ባዶው ላሜራ ላይ መሰርሰሪያው ሊያርፍበት ይገባ እስከ ነበረው ቦታ ያለውን፣ በሥዕላቸው ላይ ያልሰፈረውን ርቀት፣ በእጇ ለካችው። አንድ መዳፍ ነበር።